ከሰባተኛው ተማሪ ፊት ለፊት

ጋሼና መምህርቷ ሁለቱም የሒሳብ አስተማሪዎች ናቸው። እሳቸው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። እሷ ስድስተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ በልጅነቷ ማባዛትና ማካፈል ያስለመዷትም እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጣሳ ቆርኪ ተዘርግፏል፤ አጠገቡ የተማሪ ደብተር ተከምሯል።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ደብተሮቹን ተሸክሜ የመጣሁት አንድ ጥያቄ ስላሳሰበኝ ነው። ጥያቄው ይኸውልዎት፦ ተማሪዎች እኩል ተራርቀው ክብ ሠርተው ቆመዋል። ከ1 ጀምሮ በተራ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። 7 ቁጥር የደረሰው ልጅ 18 ቁጥር ከደረሳት ልጅ ጋር ልክ ፊት ለፊት ይተያያል። በጠቅላላው ስንት ተማሪ አለ?

ጋሼ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ምን መለሱልሽ?

መምህርቷ፦ ብዙዎቹ 25 አሉ።

ጋሼ፦ 7ን ከ18 ጋር ደመሩታ። ልጅ ሁለት ቁጥር ካየ መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ወደ መደመር ነው።

መምህርቷ፦ ሌሎቹ ቀንሰው 11 አሉ። ጥቂቶች 20 ብለዋል። 22 ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከእነሱም ውስጥ እንዴት እንዳገኘው የጻፈ የለም።

ጋሼ፦ እኔን የሚያጓጓኝ 20 ያለው ልጅ ነው። ደብተሩን እስቲ አሳዪኝ። ይኸው፣ ክብ ሥሏል! 7ን ከላይ፣ 18ን ከታች አድርጎ በአንዱ ጎን 10፣ በሌላውም ጎን 10 ብሎ ጽፏል። ይህ ልጅ ነገሩ ገብቶታል።

መምህርቷ፦ ታዲያ መልሱ ለምን ተሳሳተ?

ጋሼ፦ ቆርኪ ደርድሪና አብረን እንየው። ይሄኛው 7 ነው። ከእሱ ቀጥሎ 8፣ 9፣ 10፣ 11፣ 12፣ 13፣ 14፣ 15፣ 16፣ 17፤ ከዚያ 18። በመካከላቸው ስንት ቆርኪ አለ?

መምህርቷ፦ አሥር።

ጋሼ፦ ሁለቱ ፊት ለፊት ከሆኑ በወዲያኛው ጎንም ያው አሥር መሆን አለበት፤ አለዚያ ክቡ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ደርድሪ። 19፣ 20፣ 21፣ 22፤ አሁን ዙሩ አለቀና ከ1 እንጀምራለን፤ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6። አሥር ሞላ። ከ6 ቀጥሎ ማን አለ?

መምህርቷ፦ 7። ክቡ ገጠመ።

ጋሼ፦ ገጠመ። አሥርና አሥር ሃያ፤ ልጁ እዚህ ድረስ አንድም ነገር አልሳተም። የረሳው የተጠየቁትን ሁለቱን ልጆች ራሳቸውን መቁጠር ነው። ደብተሩ ላይ ይህን ልጅና 25 ያለውን ልጅ በአንድ ዓይነት ምልክት ብታርሚያቸው ታዝኚበታለሽ። አንዱ ክቡን አይቶታል፤ ሌላው ገና አላየውም። ለአንደኛው «ሁለቱስ የት ሄዱ?» ብሎ ጠጋ ማለት ይበቃዋል። ሌላውን ግቢ አውጥተሽ ማቆም አለብሽ።

መምህርቷ፦ በአጋዥ መጻሕፍት ላይ ግን አቋራጭ አለ፤ ትንሹን ቁጥር ከትልቁ ቀንስና በ2 አባዛ ይላል። 18 ሲቀነስ 7፣ 11፤ 11 በ2 ሲባዛ 22። ለምን እሱን አልነግራቸውም?

ጋሼ፦ አቋራጩ ልክ ነው። ከ7 ተነስተሽ 18 ለመድረስ 11 እርምጃ ትሄጃለሽ፤ ይህ የክቡ ግማሽ ስለሆነ ሙሉው 22 ይሆናል። ነገር ግን ልጁ ይህን ሳያይ አቋራጩን ብቻ ከያዘ እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ 10 ቁጥር ከ15 ቁጥር ጋር ፊት ለፊት ቢቆም ተማሪዎቹ ስንት ናቸው?

መምህርቷ፦ 15 ሲቀነስ 10፣ 5፤ በ2 ሲባዛ 10።

ጋሼ፦ አሥር ተማሪ ካለ 15 ቁጥር የያዘው ልጅ ከየት መጣ?

መምህርቷ፦ ለካ እንዲህ ያለ ክብ ሊኖር አይችልም!

ጋሼ፦ ሊኖር አይችልም። ትልቁ ቁጥር የትንሹ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። 9 እና 18 ቢሆኑ ልክ አፋፉ ላይ ናቸው፤ ተማሪዎቹ 18 ሆነው የመጨረሻው ልጅ ከ9ኛው ጋር ይተያያል። ከዚያ በታች ከወረደ ጥያቄው ራሱ የፈረሰ ነው። አቋራጩ ግን ለፈረሰውም ጥያቄ ያለ ምንም ማመንታት «10» ብሎ መልስ ይሰጣል። እኔ አጥብቄ የምጠላው ይህን ነው። ልጁ ቆም ብሎ «ይህ ነገር ይሆናል ወይ?» የማለት አቅሙን ገና በስድስተኛ ክፍል እንዲያጣ አልፈልግም።

መምህርቷ፦ ተማሪዎቹ 15 ናቸው ብለን፣ ከ4 ቁጥር ፊት ለፊት ማን አለ ብንላቸውስ?

ጋሼ፦ ማንም የለም። ከ4ኛው ልጅ ትይዩ ያለው በ11ኛውና በ12ኛው መካከል ያለው ክፍት ቦታ ነው። ተማሪዎቹ ጎዶሎ ቁጥር ከሆኑ ማንም ከማንም ጋር ፊት ለፊት አይሆንም። ይህንንም ጠይቂያቸው፤ «መልስ የለውም» የሚለውም መልስ እንደሆነ ይልመዱት።

መምህርቷ፦ ችግሩ የክፍሉ ተማሪ ብዙ ነው። ሁሉንም ግቢ አውጥቼ ማቆም አይሆንልኝም።

ጋሼ፦ ሁሉንም ማውጣት የለብሽም። አሥራ ሁለት ልጅ ይበቃሻል። ስልክሽ ላይ አሁን ስንት ይላል?

መምህርቷ፦ 3፡15 ይላል።

ጋሼ፦ ሰዓቱስ ስንት ነው?

መምህርቷ፦ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።

ጋሼ፦ ይኸው፣ ጥያቄውን ሠራሽው። የሰዓት ገጽ ላይ ከ3 ፊት ለፊት ያለው 9 ነው። ፈረንጅ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ሲቆጥር እኛ ከንጋት እንቆጥራለን፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። 6 የ12 ግማሽ ስለሆነ የእኛ ሰዓት ሁልጊዜ ከፈረንጁ ሰዓት ትይዩ ይወድቃል። 1 ሲሉ 7 እንላለን፤ 7 ሲሉ 1 እንላለን፤ 12 ሲሉ 6። አሥራ ሁለቱን ልጆች እንደ ሰዓት አቁሚና አንዱን «የፈረንጅ 10 ሰዓት ሲሆን የሐበሻ ስንት ነው?» በይው።

መምህርቷ፦ አራት ሰዓት ይለኛል። ይህንማ ሁሉም ያውቃሉ።

ጋሼ፦ እንዴት እንዳገኘው ጠይቂው። 10 ላይ 6 ሲጨመር 16 ነው፤ ክቡ ላይ 16 የሚባል የለም፤ አንድ ሙሉ ዙር 12 ሲጣል 4 ይቀራል። አሁን ወደ 22ቱ ልጆች ተመለሺ። ከ15ኛው ልጅ ፊት ለፊት ማን አለ?

መምህርቷ፦ ግማሹ 11 ነው። 15 ሲደመር 11፣ 26። ዙሩ 22 ሲጣል 4 ይቀራል። 4ኛው ልጅ!

ጋሼ፦ ያው የሰዓቱ ሥራ ነው። ልጆቻችን ይህን ሒሳብ ስልክ ባዩ ቁጥር ይሠሩታል፤ በብዙ ሌላ አገር ያለ ልጅ እንዲህ ያለ ልምምድ የለውም። ክፍል ውስጥ ሲመጣ የሚከብዳቸው ያው የሚያውቁት ነገር መሆኑን የሚነግራቸው ሰው ስለሌለ ነው።

መምህርቷ፦ ይህን ሰኞ አደርገዋለሁ። ሌላ የሚያስቸግራቸው ደግሞ የርቀት ጥያቄ ነው። 12 ተማሪዎች አንድ አንድ ሜትር ተራርቀው ሲሰለፉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 12 ሜትር ነው ይላሉ።

ጋሼ፦ 11 ነው። በሰልፍ ክፍተቱ ከልጆቹ በአንድ ያንሳል። ያው ሰልፍ ጫፍና ጫፉን አገናኝቶ ክብ ቢሠራ ግን፣ በመጨረሻውና በመጀመሪያው መካከል አዲስ ክፍተት ይወለዳል፤ በክቡ ዙሪያ ሲለካ 12 ሜትር ይሆናል። ጠዋት ለሰንደቅ ዓላማ ሲሰለፉ ለክተሽ አሳዪያቸው፤ ብዙ አያስወራም። ልጆቹን ነው የምንቆጥረው ወይስ በመካከላቸው ያለውን? ይህን ሳይጠይቅ የጀመረ ሁሉ በአንድ ይስታል።

መምህርቷ፦ በሁለት አቅጣጫ የሚቆጠረውስ? «ከእኔ ጀምሬ በቀኝ ስቆጥር ጓደኛዬ 8ኛ ናት፣ በግራ ስቆጥር 15ኛ ናት» የሚለው።

ጋሼ፦ ያም ከዚሁ ወገን ነው። ራስሽን አንድ ብለሽ ከጀመርሽ በቀኝ 7 እርምጃ፣ በግራ 14 እርምጃ ነው፤ ድምሩ 21 ተማሪ። ራስሽን ሳትቆጥሪ ከጎረቤትሽ አንድ ካልሽ ግን 8 እና 15 ራሳቸው እርምጃዎች ናቸው፤ 23 ይሆናል። ጥያቄ ስታወጪ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ጻፊ። በአሻሚ ጥያቄ የልጅ ነጥብ መቁረጥ ግፍ ነው።

መምህርቷ፦ ቅድም ዙሩን ጥለን ቀሪውን ያዝን አላሉም? ልጆቹ ቀሪ የሚባለውን ነገር አይወዱትም። ማካፈል ላይ ቀሪ ሲመጣ የተሳሳቱ ይመስላቸዋል።

ጋሼ፦ ክብ ላይ ግን ቀሪው ነው ዋናው ነገር! 22ቱ ልጆች በተራ 1፣ 2፣ 3 እያሉ ይቁጠሩ፤ 22ኛው ላይ ሲደርሱ ሳያቆሙ 1ኛው ልጅ «23» ብሎ ይቀጥል። 100 የሚለው ማን ነው?

መምህርቷ፦ 100 ለ22 ሲካፈል 4 ደርሶ 12 ይቀራል። 12ኛው ልጅ።

ጋሼ፦ 110 የሚለውስ?

መምህርቷ፦ 5 ደርሶ ቀሪ የለውም። እዚህ ላይ ልጆቹ «ማንም» ይሉኛል።

ጋሼ፦ እንግዲያው የዘመን ስሌቱን፣ ባሕረ ሐሳብን አንሺላቸው። ከልጆችሽ መካከል ቄስ ትምህርት ቤት የዋለ አይጠፋም። አራቱ ወንጌላውያን ዘመኑን በየተራ ይይዛሉ፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ፣ ከዚያ እንደገና ማቴዎስ። አራት ሰው የቆመበት ክብ ነው። የዘንድሮው ማን እንደሆነ ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተጨምሮ ዓመተ ዓለሙ ይገኝና ለ4 ይካፈላል። 2015ን እንውሰድ፤ 7515 ለ4 ሲካፈል 1878 ደርሶ 3 ይቀራል። ሦስተኛው ሉቃስ ነው፤ የዚያ ዓመት ጳጉሜንም 6 ቀን ነበረች። በቀጣዩ ዓመት 7516 ለ4 ሲካፈል ቀሪ የለውም። የማን ዘመን ሆነ?

መምህርቷ፦ የዮሐንስ። የመጨረሻው።

ጋሼ፦ ዙሩ ሲሞላ ተረኛው የመጨረሻው ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ይህን ሲያስተምሩ ኖረዋል። 110ን የሚለውም 22ኛው ልጅ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚዞረውም ዑደት፣ ሰባቱም የሳምንት ቀናት፣ የአጽዋማቱና የበዓላቱ ስሌት በሙሉ የሚቆመው በዚሁ ሥራ ላይ ነው፤ ዙሩን መጣል፣ ቀሪውን መያዝ። ይህን ያህል የቆየ ዕውቀት ደጃችን እያለ ልጆቹ ቀሪ ሲያዩ መደንገጣቸው ያስቆጨኛል።

መምህርቷ፦ እኔ ደግሞ በኳስ ላስለምዳቸው አስቤ ነበር። 12 ልጆች ክብ ሠርተው ኳሱን በየ5ኛው ልጅ ያቀብላሉ።

ጋሼ፦ ግሩም! ከ12ኛው ቢነሳ 5፣ 10፣ 3፣ 8፣ 1 እያለ ሁሉንም ያዳርሳል፤ ክር ይዘው ቢሆን መሬቱ ላይ ኮከብ ይሠራል። በየ4ኛው ቢያቀብሉ ግን 4፣ 8፣ 12፣ 4፣ 8፣ 12 ብቻ ነው፤ ዘጠኙ ልጆች እጃቸውን ዘርግተው ይቀራሉ። ልዩነቱን ራሳቸው ይድረሱበት፤ 4 እና 12 የጋራ አካፋይ አላቸው፣ 5 እና 12 ግን ከ1 በቀር የላቸውም። አንድ ልጅ ጨምረሽ 13 ብታደርጊያቸው በየስንትም ቢያቀብሉ፣ በየ13ኛው ካልሆነ በቀር፣ የሚቀር የለም፤ 13 ብቸኛ ቁጥር ነውና። ትልቁ የጋራ አካፋይ ለምን እንደሚማሩት ጠይቀውሽ መልስ ካጣሽ ይኸው።

መምህርቷ፦ ከክብ እንቆቅልሾች ሁሉ እርስዎ የሚወዱት የትኛው ነው?

ጋሼ፦ የዮሴፍ። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዩስ ዮሴፍ። በእኛ ዘንድ ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን የሚባለው የአይሁድ ታሪክ መጽሐፍ አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ሰው ጽሑፎች ነው። በ67 ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ሮማውያን ገሊላ ውስጥ ዮታፓታ የምትባለውን ከተማ ሲይዙ ዮሴፍ ከ40 ሰዎች ጋር ዋሻ ውስጥ ተደበቀ። ሰዎቹ እጅ ከመስጠት መሞትን መረጡ፤ በዕጣ እየተለዩ አንዱ ሌላውን ሊገድል ተስማሙ። በመጨረሻ ዮሴፍና አንድ ሌላ ሰው ብቻ ቀሩና እጃቸውን ሰጡ።

መምህርቷ፦ ክቡስ የት አለ?

ጋሼ፦ ዮሴፍ ራሱ የጻፈው ዕጣ ነው። ክብ ሠርተው በየሦስተኛው እየቆጠሩ ተለዩ የሚለው ከብዙ ዘመን በኋላ የሒሳብ ሰዎች ያመጡት ነው። እነሱ የጠየቁት 41 ሰዎች ክብ ቢሠሩና በየሦስተኛው ቢወጣ፣ የትኛው ቦታ ላይ የቆመ ይተርፋል የሚለውን ነው። መልሱ 31ኛው ነው፤ ከእሱ ጋር እስከ መጨረሻ የሚቀረው ደግሞ 16ኛው።

መምህርቷ፦ ለልጆች ግን መሞትና መግደል…

ጋሼ፦ በፍጹም! ልጆቹ የሚወጣው «ይቀመጥ» ብቻ ይበሉ። መሐረቤን ያያችሁን ክብ ሠርተው ሲጫወቱ ያደጉ ናቸው፤ እንደዚያው ጨዋታ ይሁንላቸው። በየሦስተኛውም አትጀምሪ፤ በየሁለተኛው ጀምሪ። 1ኛው ይቆማል፣ 2ኛው ይቀመጣል፣ 3ኛው ይቆማል፣ 4ኛው ይቀመጣል። በ12 ቆርኪ ሞክሪው።

መምህርቷ፦ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10፣ 12 ወጡ። 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11 ቀሩ። አሁን 1 ይቆማል፣ 3 ይወጣል፤ 5 ይቆማል፣ 7 ይወጣል፤ 9 ይቆማል፣ 11 ይወጣል። የቀሩት 1፣ 5፣ 9። 1 ይቆማል፣ 5 ይወጣል፤ 9 ይቆማል፣ 1 ይወጣል። 9ኛው ተረፈ።

ጋሼ፦ አሁን በ8 ቆርኪ።

መምህርቷ፦ 2፣ 4፣ 6፣ 8 ወጡ፤ ከዚያ 3 እና 7፤ ከዚያ 5። 1ኛው ተረፈ።

ጋሼ፦ በ4ም በ16ም 1ኛው ይተርፋል። ለምን ይመስልሻል?

መምህርቷ፦ ዙሩ ባለቀ ቁጥር ልክ ግማሹ ስለሚወጣና ቆጠራው እንደገና 1ኛው ላይ ስለሚመለስ ነው። 16 ወደ 8፣ 8 ወደ 4፣ 4 ወደ 2፣ ከዚያ እሱ ብቻ።

ጋሼ፦ በቃ፣ ቁልፉ ይኸው ነው። እንግዲህ 12ቱን እንደገና እዪ። ከ12 ውስጥ 4 ሰው እስኪወጣ ጠብቂ፤ 2፣ 4፣ 6፣ 8። የቀሩት ስምንት ናቸው። ቆጠራው አሁን ከማን ይጀምራል?

መምህርቷ፦ ከ9ኛው! ስምንት ሲሆኑ ደግሞ የሚተርፈው ጀማሪው ነው። ጋሼ፣ ይህ እንዴት ያምራል! እንግዲያው ለ60 ተማሪ… ከ60 በታች ካሉት፣ እየተጋመሰ 1 ላይ የሚደርሰው ትልቁ ቁጥር 32 ነው። 28 ሰው እስኪወጣ እንጠብቃለን፤ የሚወጡት ጥንድ ቁጥሮቹ ስለሆኑ 28ኛው ወጪ 56 ቁጥር ነው። ከዚያ የሚጀምረው 57። 57ኛው ይተርፋል።

ጋሼ፦ ስድሳ ቆርኪ መደርደር ሳያስፈልግሽ። ልጆቹ ግን መጀመሪያ ይደርድሩት። በ5፣ በ6፣ በ7 ልጅ ተጫውተው የሚተርፉትን ቦታዎች ሰሌዳው ላይ በተራ ይጻፉ፤ ጎዶሎ ቁጥር ብቻ እየመጣ 8 ላይ እንደገና 1 ሲሆን የሚያዩት ራሳቸው ናቸው። አንቺ ከፊታቸው አትቅደሚ። አንድ ክፍለ ጊዜ ቢፈጅም ይፍጅ፤ ከዚህ የተሻለ የሚውልበት ጉዳይ የለም።

መምህርቷ፦ በየሦስተኛው ሲሆንስ እንዲህ ያለ ቁልፍ አለው?

ጋሼ፦ እንዲህ አጭር የሆነ የለውም። ግን ደረጃ በደረጃ የሚወጣ መንገድ አለ። አንድ ልጅ በተጨመረ ቁጥር የሚተርፈው ቦታ በ3 ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከልጆቹ ብዛት ካለፈ ዙሩን ትጥያለሽ።

መምህርቷ፦ ለምን በ3?

ጋሼ፦ የመጀመሪያው ሰው፣ 3ኛው፣ ሲወጣ ቆጠራው የሚቀጥለው ከ4ኛው ነው። ለቀሩት ልጆች 1ኛው ቦታ ማለት አሁን 4ኛው ማለት ሆነ፤ ሁሉም በ3 ተገፋ።

መምህርቷ፦ ገባኝ። ለ1 ተማሪ 1። ለ2፣ 1 ሲደመር 3፣ 4፤ ዙሩ 2 ሲጣል 2። ለ3፣ 5፤ 3 ሲጣል 2። ለ4፣ 5፤ 4 ሲጣል 1። ለ5፣ 4። ለ6፣ 7፤ 6 ሲጣል 1። ለ7፣ 4። ለ8፣ 7። ለ9፣ 10፤ 9 ሲጣል 1።

ጋሼ፦ ቀጥዪ፣ ወረቀቱ ይበቃሻል። 41 ላይ ደርሰሽ 31 ካላገኘሽ አንድ ቦታ ዙሩን መጣል ረስተሻል ማለት ነው።